ጨለማን ፎቶ ስለ ማንሣት

ከሶፍ ዑመር ዋሻ የተመለሱ ቤተ ሰቦች ያነሡትን ፎቶግራፍ ለወዳጅ ለዘመድ ሲያሳዩ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ሰዎቹ ሁሉ በሥዕሉ ላይ ሲገኙ ዋሻው ብቻ የቀረ መሆኑ ነው። ፊታቸው ኖራ የተቀባ ይመስል የነጣ፣ ዓይናቸው ከብልጭታው የተነሣ የቀላ ወይም የተጨፈነ፣ ሁለት ጣታቸውን ያቆሙ ልጆችና ነጠላቸውን ለማስተካከል ጊዜ ያላገኙ እናቶች ከፊት ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከኋላቸው ያለው ግን ድፍን ጥቁረት ነው። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ለስፍር ቁጥር በሌለው ዘመን እየላሰና እየቦረቦረ ያቆማቸው ዓምዶች፣ ከራስ በላይ እንደ ጉልላት የሚታጠፈው ጣራ፣ ከሩቁ የዋሻው አፍ የሚገባው ሰማያዊ ብርሃን፣ ባጭሩ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሄዱለት ነገር በሙሉ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል። መብራት በጠፋበት ምሽት በገዛ ጓዳቸው ተሰልፈው ቢነሡ ኖሮ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው አይገኝም ነበር፤ የመኪናውም ቤንዚን ይተርፍ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ጉድለት በመሣሪያው ያሳብባል። ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ነው ይላል፤ ደኅና ካሜራ ያለውም ቢሆን ሌንሱ ለጨለማ የተሠራ አይደለም ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ከካሜራ ጋራ በመጠኑ የተዋወቅሁና ከቤተ ሰቤ ጋራ ወደዚህ ዋሻ የመግባት ዕድል ያጋጠመኝ ሰው እንደ መሆኔ፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ በአሳባችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወደ ዋሻ ስንገባ ጨለማውን እንደ ጠላት ቆጥረን ፈጥነን ልናባርረው እንነሣለን፤ ጨለማው ሲባረር ግን ዋሻውም አብሮት ይሄዳል። ዋሻን ዋሻ ያሰኘው ጽልመቱ ሆኖ ሳለ፣ ጽልመቱን አጥፍቶ ዋሻውን ፎቶ ለማንሣት መሞከር ድምፁን ዘግቶ ማኅሌት ለመስማት እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው።

ስፍራውን ላላየው አንባቢ ጥቂት ልናገር። ሶፍ ዑመር የሚገኘው በባሌ ምድር፣ ከሮቤ ከተማ ወደ ምሥራቅ በጎሮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ፣ የደጋው ብርድ ለቆላው ሙቀት በሚለቅበት ወገን ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ሲግጥ እያየ ሮቤ ያድራል፤ በማግሥቱም ማለዳ ተነሥቶ ወደ ዋሻው ይወርዳል። የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ ሲመጣ በዚህ ቦታ ላይ የገደሉን ግድግዳ ሰንጥቆ ከመሬት በታች ይገባና፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ በሌላ ወገን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ አገራችን የመጡ የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች ውስጡን ለክተው ካርታ ያነሡለት ሲሆን፣ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተደምረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆኑ፣ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው በሮችም 42 እንደ ደረሱ ይነገራል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ወደ ዓለም ቅርስነት እንዲመዘገቡ በዕጩነት ከቀረቡት ስፍራዎቻችን አንዱ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የሶፍ ዑመር ዋሻ ለአገሬው ሰው የድንጋይና የውሃ ሥራ ብቻ አይደለም። ሼኽ ሶፍ ዑመር የሚባሉት ወሊይ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ በዚህ ዋሻ ተጠልለው ፈጣሪያቸውን ያመልኩ እንደ ነበር በትውልድ ሲነገር ቆይቷል፤ ምእመናኑም እስከ ዛሬ ድረስ ለዚያራ ይመጡበታል። እኛ በክርስትናው ወገን ያደግን ሰዎች በዓት የምንለው፣ ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ከፀሐይ ተሰውሮ በጾምና በአርምሞ የሚቀመጥበት ስፍራ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው፣ የሼኹ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ አገር ዋሻ ከጥንት ጀምሮ የጸሎት ቤት ነው። ፎቶ አንሺው ይህን ዐውቆ ቢገባ፣ ስለ ሌንስና ስለ ባትሪ ሳይማር በፊት ግማሹን ትምህርት ተምሯል ማለት ነው።

የቀረውን ግማሽ የሚያስተምረው የገዛ ዓይናችን ነው። ከቆላው ፀሐይ በቀጥታ ወደ ዋሻው የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም። የዓይኑ ብሌን ወዲያው ቢሰፋም ይህ ብቻውን አይበቃውም፤ በዓይን መጋረጃ ላይ ያሉት፣ በደካማ ብርሃን እንድናይ የተፈጠሩልን ሕዋሳት በፀሐይ ያለቀባቸውን ቀለም እስኪተኩ ድረስ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈጃሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ነገር የሚያውቀው ቆሞ የጠበቀ ብቻ ነው። መጀመሪያ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ቀጥሎ ውሃው ከድንጋዩ የሚለይበት መስመር ይታያል፤ ከዚያም ጥቁር የነበረው ግድግዳ ቡናማና ግራጫ ሆኖ ይከፈላል፤ በመጨረሻም እስካሁን የሌሉ የመሰሉት ዓምዶች አንዱ ከሌላው ኋላ እየሆኑ ወደ ጥልቁ ይሰለፋሉ። የዓምዶቹ አዳራሽ በሚባለው ክፍል ከፍታው ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ይህን ከፍታ በአንገቱ መታጠፍ ልክ የሚረዳው ዓይኑ ጨለማውን የለመደ ሰው ነው።

እኛ የገባን ዕለት የሚመራን የአገሩ ወጣት ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ልጆቹ ወዲያው ስልክ ሲያወጡ፣ «ትንሽ ቆዩ፤ ዋሻው እስኪለምዳችሁ ድረስ ቁሙ» አላቸው። አማቴ የድንጋይ ወንበር የመሰለ ነገር በዳበሳ አግኝተው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውንም ሰብስበው፣ «እኛ እንልመደው እንጂ እሱ እኛን ምን ሊለምደን» ብለው ሲመልሱለት ልጁ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ይዞ በየድንጋዩ ላይ ሲያሻግራቸው፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል፤ ቀስ ብለው ይርገጡ» እያለ አንድም ጊዜ መብራቱን ወደ ፊታቸው ሳያዞር ሁልጊዜ እግራቸው ሥር ያበራላቸው ነበር። በፎቶ ማንሣት ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ከዚህ ልጅ የባትሪ አያያዝ ሊማሩ በቻሉ ነበር።

ወደ ፍላሹ ልመለስ። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚዳከምበት ሕግ ጨካኝ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ቢርቅ አንድ ዘጠነኛው ብቻ ይደርሳል። በስልክ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጥቂት ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ አቅም የላትም። እንግዲህ ልጆቹ ሁለት ሜትር ላይ፣ የዋሻው ግድግዳ ሠላሳ ሜትር ላይ ከቆሙ፣ ለግድግዳው የሚደርሰው ልጆቹ ከተቀበሉት ከሁለት መቶ እጅ አንዱ አይሆንም፤ መሣሪያውም የልጆቹን ፊት እንዳያቃጥል ራሱን ሲቆጥብ የቀረው ሁሉ ይጨልማል። ነጭ ፊትና ጥቁር ግድግዳ የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ የወንዝ ዋሻ አየር እርጥበትና ደቃቅ ጠብታ ይሞላዋልና፣ ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ሆኖ ሲበራ በቅርብ ያሉትን ጠብታዎችና የአቧራ ቅንጣቶች አንድ በአንድ እያበራ በሥዕሉ ላይ በረዶ የዘነበ ያስመስላል። አንዳንዱ ሰው እነዚያን ነጫጭ ክቦች አይቶ የመናፍስት ምልክት ነው ብሎ ለጎረቤት ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

ደግሞም ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላን ያጠፋል፤ ድንጋይ ግን ያለ ጥላ ቅርጽ የለውም። ወንዙ በዓምዱ ላይ የቀረጸውን ጎድጓዳ፣ የውሃው ከፍታ በየዘመኑ የተወውን ምልክት፣ የሸካራውንና የለስላሳውን ልዩነት ለማየት ብርሃን ከጎን ሊመጣ ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አይሻም፤ አንድ ሰው ባትሪውን ይዞ ከዓምዱ ኋላ ወይም ከጎኑ ቢሄድ፣ ካሜራው ካለበት ቦታ ዓምዱ በድንገት ሥጋና አጥንት ሲያገኝ ይታያል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሥዕሉ ማማር ነው፤ እኔን ይልቁንም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፍላሽ የሚያበራ ሰው የሚያጠፋው የራሱን ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የራሱ ጉዳይ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያች ብልጭታ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ በትዕግሥት ያገኙትን ዓይን ባንድ አፍታ ትወስድባቸዋለች፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ዓምዶቹን ማየት የጀመረው ሽማግሌ እንደገና ዕውር ይሆናል፤ እግሩን በድንጋይ ላይ ሊያነሣ የነበረውም ሰው የት እንደሚረግጥ ይጠፋዋል። ጣራው ላይ ተንጠልጥለው ቀኑን የሚያሳልፉት የሌሊት ወፎችም ይረበሻሉ። በአንድ ጥግ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርግ ምእመን ካለ ደግሞ፣ ይህ በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልክ ከማነጋገር በምን ይለያል? በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ፍላሽ እንዳይበራ መከልከሉን እንግዳው ሁሉ ያከብራል፤ በሶፍ ዑመር ግን ክልከላው እስኪጻፍ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

«ታዲያ ያለ ፍላሽ በጨለማ እንዴት ፎቶ ይነሣል?» የሚለኝ አይጠፋም። ፎቶግራፍ ገና ልጅ በነበረበት ዘመን ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ናዳር በሚል ስም የታወቀው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ ከተማ ሥር ወዳሉት የዐፅም ጉድጓዶች ወርዶ፣ በጊዜው አዲስ የነበረውን የኤሌክትሪክ መብራት ከከባድ ባትሪዎቹ ጋራ አስጎትቶ፣ አንዱን ሥዕል ለማንሣት እስከ 18 ደቂቃ ድረስ ሌንሱን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ስላልተገኘ፣ በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ የሠራተኛ ልብስ ለብሶ የሚታየው አሻንጉሊት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ያለውን የማሞዝ ዋሻ ቻርልስ ዋልዳክ የተባለ ሰው ማግኒዚየም እያቃጠለ አነሣው፤ የማግኒዚየሙ ብርሃን ኃይለኛ ቢሆንም ጢሱ ዋሻውን ስለሚሞላው ጢሱ እስኪጠራ መጠበቅ ግድ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ሥራ የሚያስደንቀኝ የመሣሪያቸው ክብደት አይደለም፤ በአንድ ሥዕል ላይ ያጠፉት ጊዜ ነው።

የእኛም አያቶች ይህን ያውቁ ነበር። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ሥራውን የወረሱት ልጆቹ ባነሧቸው ሥዕሎች ላይ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ እንዴት እንደ ተቀመጡ ያየ ሰው ይረዳኛል። በኋላም በፒያሳ ፎቶ ቤቶች፣ በበዓል ቀን ጥበብ ቀሚስ ለብሶ፣ ካባ ደርቦ፣ ወንበር ይዞ የቆመው ቤተ ሰብ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ ነበር። ያ መቆም ራሱ ለዕለቱ የሚሰጥ ክብር ነበር። አሁን ስልካችን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የፈለግነውን ያህል ሥዕል ስለሚያነሣልን መቆምን ረሳን፤ ዋሻ ደግሞ መቆምን ከማይረሱ ስፍራዎች አንዱ ነው።

በዘመናችን ያለው ዘዴ ከናዳር ድካም እጅግ የቀለለ ነው። ካሜራ ያለው ሰው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎት ሌንሱን ለአምስት፣ ለአሥር፣ ቢያስፈልግ ለሠላሳ ሰከንድ ከፍቶ መተው ይችላል፤ ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነውን፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቁጥር ከመጠን በላይ ካላሳደገውም ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት አይመስልም። ስልክ ያለው ደግሞ የሌሊት ማንሻ የሚባለውን መርጦ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ በእጁ ከመንካት ይልቅ የጥቂት ሰከንድ መቁጠሪያውን ቢጠቀም፣ መሣሪያው ራሱ ብዙ ሥዕሎችን በተከታታይ አንሥቶ አንድ አድርጎ ያዋሕድለታል። በእርጥቡ አየር ሌንሱ ላብ ካወጣ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ጥቂት መታገሥ ነው። መብራቱንም ከካሜራው አርቆ፣ በሰው እጅ አሲዞ፣ በድንጋዩ ጎን ላይ ቀስ እያለ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሌላ የተሰወረ ምሥጢር የለውም።

የእኛን የቤተ ሰብ ፎቶ ያነሣነው ወንዙ ጥምዝ ብሎ በሚሰፋበት፣ የዋሻው አፍ ከሩቅ እንደ ሰማያዊ ጧፍ በሚታይበት ስፍራ ነው። ልጆቹ ወንዙ ዳር ባለ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አማቴ ከመካከል ሆኑ። የባለቤቴ ወንድም ባትሪውን ይዞ ወደ እነርሱ ሲያበራ ፊታቸው ሁሉ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ጥላቸውም በግድግዳው ላይ እንደ ጭራቅ ተዘረጋ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ የእናቷን ጋቢ ተቀበለችና እርሷና ወንድሟ ጫፍና ጫፉን ይዘው ከጎን ዘረጉት፤ መሪያችንም ባትሪውን ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ወደ ጋቢው እንዲያበራ ተነገረው። ያ የተፈተለ ነጭ ጥጥ ብርሃኑን ጠጥቶ፣ አለዝቦና አስፍቶ መለሰው፤ የአማቴ ጉንጭ፣ የታናሿ ልጄ ሹሩባ፣ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎድጓዶች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ወጡ። በፎቶ ቤት ለዚሁ ሥራ የሚዘረጉት ትልልቅ ነጭ ጃንጥላዎች ከዚህ የተሻለ አይሠሩም።

«አሁን አሥር እስክቆጥር ማንም እንዳይነቃነቅ» አልኋቸው። ታናሿ፣ «አባዬ፣ መተንፈስስ?» ብላ ጠየቀች። አያቷ ቀድመውኝ፣ «በልብሽ ተንፍሺ» አሏት። ከዚያ በኋላ የሆነው ጸጥታ እውነቱን ለመናገር ከፎቶው ይልቅ ትዝ ይለኛል፤ ወትሮ ሦስት ደቂቃ አብረው ሳይጣሉ የማይቆዩት ልጆች በአንድነት ዝም ሲሉ፣ ውሃው በድንጋዩ ሥር ሲያልፍ የሚያሰማው ጉርምርምታና ከጣራው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ይሰማ ነበር። ሥዕሉ ላይ ከልጆቹ አንዱ እጁን ስላነቃነቀ ጣቶቹ ጢስ መስለው ወጥተዋል። ቤት ውስጥ ሰቅለነዋል፤ የመጣው እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዓምዶቹን ነው፤ ሰዎቹን የሚያገኛቸው ቆይቶ ነው። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ ባለቤቴ ግን የእናቴ ፊት ትንሽ ቢጎላ ይሻል ነበር ትላለች፤ በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ዋሻንና ብርሃንን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል አባቶቻችን የሠሩት አንድ ምስክር አለ። ከላሊበላ አጠገብ ባለው ተራራ፣ በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በነጭ ልስንና በጥቁር እንጨት ተራ በተራ የተገነባ ነው። ያ ነጭና ጥቁር መፈራረቅ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም፤ ከዋሻው አፍ የሚገባውን ጥቂት ብርሃን ነጩ ተቀብሎ ሲመልስ ጥቁሩ ቅርጹን ስለሚያሳይ፣ ሕንፃው በዚያ ደብዛዛ ስፍራ ውስጥ ከሩቅ ይለያል። ውስጡን ለማየት የሚፈልግ እንግዳ ዓይኑ እስኪለምድለት ይቆማል፤ ከዚያም የጣራው የእንጨት ሥራና የቅዱሳኑ ሥዕል በዝግታ ይገለጡለታል። የሠሩት ሰዎች ጥቂት ብርሃን ምን ያህል እንደሚበቃ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወደ አነሣሣኝ ጉዳይ ልምጣ። የሶፍ ዑመር ዋሻ ብዙ ጎብኚ እንዲመጣለት መንገዱ ይስተካከል፣ ማረፊያ ይሠራ፣ ንጹሕ መጸዳጃም ይኑረው የሚለውን አሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ከሮቤ ወዲያ በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው የሚቃወመው አይመስለኝም። ነገር ግን ስለ ዋሻው ልማት በተነጋገርን ቁጥር አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «በውስጡ መብራት ቢዘረጋ፣ ዓምዶቹም በቀይና በአረንጓዴ ቢበሩ እንዴት ያምር ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይህን የሚል ሰው በቅንነት እንደሚናገር አልጠራጠርም፤ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ዋሻ አይቶ ይሆናል።

ይሁን እንጂ በሌላው አገር የደረሰውንም አብሮ ማየት ይገባል። በፈረንሳይ አገር በላስኮ ዋሻ ውስጥ የተገኙት የጥንት ሰዎች ሥዕሎች ከአሥራ ሰባት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ በጨለማ ውስጥ ሳይበላሹ ቆይተው ነበር። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኘ፤ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ የሰው ትንፋሽና የመብራቱ ብርሃን በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ነገር ስላበቀለበት በ1963 ተዘጋ። ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው ከአጠገቡ የተሠራለትን ግልባጭ ነው። በሶፍ ዑመር እንደ ላስኮ ያለ ሥዕል ባይኖርም፣ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ፀሐይ በማይደርስበት እርጥብ ድንጋይ ላይ መብራት ዘወትር ከበራ፣ በመብራቱ ዙሪያ አልጌ መብቀሉ የታወቀ ነው፤ ከተጣበቀም በኋላ ድንጋዩን ሳይጎዱ መፋቅ አስቸጋሪ ነው። የዌብ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ደግሞ በዋሻው ውስጥ የተዘረጋውን ሽቦ ምን እንደሚያደርገው ለመገመት መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም።

በእጅ የተያዘ ባትሪ ግን ሰው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ቅርስ ጠባቂ የሆኑትን የዞኑንና የክልሉን የቱሪዝም ኃላፊዎች የምለምነው፣ ለመብራት ምሰሶ የሚያስቡትን ገንዘብ ዋሻውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሚያውቁት ወጣት መሪዎች ማሠልጠኛ፣ ለደኅና የራስ ላይ ባትሪ፣ ለራስ ቁርና ለማይንሸራተት ጫማ እንዲያውሉት ነው፤ በመግቢያውም ላይ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፍላሽ ማብራት የተከለከለ መሆኑን የሚናገር አንድ ሰሌዳ ይቁም። አንተም አንባቢዬ፣ ወንዙ ጎድሎ መሻገሪያው ሲቀል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ወራት ቤተ ሰብህን ይዘህ ሂድ፤ ፍላሽህን ከዋሻው ውጭ ሳለህ አጥፋው፤ ሳትቸኩልም ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ።